«አይ አም ቦሪንግ» አለኝ ተማሪዬ፦ ያለፈ ጊዜንና የስሜት ቃላትን አብሮ ማስተማር ይቻላል?

የማታዋ ቲቸር (ማክሰኞ፣ ማታ 3፡20)

ሰላም ለዚህ ቤት። አራት ኪሎ አካባቢ የማታ የእንግሊዝኛ ንግግር ክፍል አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ 14 ናቸው። ሁለት ነርሶች፣ አንዲት የሆቴል እንግዳ ተቀባይ፣ የሜትር ታክሲ ሹፌር፣ መርካቶ ጨርቅ የሚሸጥ ልጅ፣ ልጃቸው አሜሪካ ያለ አንዲት እናት፣ ሌሎችም። ከ12 ሰዓት እስከ 1፡30 ነው የምንማረው። ሁሉም ሥራ ውለው፣ ታክሲ ተሰልፈው ነው የሚመጡት።

ዛሬ ገና እንደጀመርን «እሁድን እንዴት አሳለፋችሁ?» አልኳቸው፣ በእንግሊዝኛ። ሹፌሩ ቀድሞ እጁን አወጣና «ኦን ሰንደይ አይ ስቴይ ሆም። አይ አም ቦሪንግ» አለ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ማንም አልሳቀም። እኔ ነኝ የሳቅሁት፤ ወዲያው ደግሞ አፈርኩ። ሰውየው «ቤት ዋልኩ፣ ደበረኝ» ማለቱ ነው። ከአፉ የወጣው ግን «እኔ አሰልቺ ሰው ነኝ» ነው።

ከነርሶቹ አንዷ ቀጠለች። «አይ ዲድንት ዌንት ቱ ቸርች። አይ ታየርድ።» እንግዳ ተቀባይዋ ኮሪደር ላይ ስልክ እያወራች ነበር። «ነይ እንጂ፣ ተጀመረ» ስላት «አይ ኬም! አይ ኬም!» እያለች ሮጣ ገባች። «መጣሁ» ማለቷ ነው።

መጽሐፋችን ያለፈ ጊዜን ምዕራፍ 4 ላይ፣ የስሜት ቅጽሎችን ምዕራፍ 9 ላይ ነው ያስቀመጣቸው። መሃል ላይ ስለ አየር ጠባይና ስለ ገበያ ያወራል። ለእኔ ግን ሁለቱ ስህተቶች የአንድ እናት ልጆች መሰሉኝ። ሰው ስላለፈ ነገር ሲያወራ ስሜቱን ሳይናገር እንዴት ያወራል? አብሬ ላስተምር ብል ይደበላለቅባቸው ይሆን? የሞከራችሁ ካላችሁ እስቲ ንገሩኝ።

ካዛንቺስ የነበርኩ (3፡34)

ሹፌሩ እውነቱን ቢሆንስ? እኔ ከቦሌ እስከ ፒያሳ ስለ ጎማ ዋጋ ብቻ ያወራልኝ ሹፌር ገጥሞኛል። ያ ሰው ቦሪንግ ነበር። እኔ ቦርድ ነበርኩ። ይኸው፣ ምሳሌ አገኘሽ።

ሰዋስው ወዳድ (3፡51)

ከላይ ያለው ቀልድ ግማሽ መልስ ነው። ሌላውን ግማሽ ደግሞ አማርኛችን ይዞታል። ተማሪዎችሽ ይህን ልዩነት ከእናታቸው ጡት ጋር ጠብተውታል፤ መኖሩን አላስተዋሉትም እንጂ።

«ሰለቸኝ» ቦርድ ነው፤ «አሰልቺ» ቦሪንግ ነው። «ደነገጥኩ» ሾክድ፣ «አስደንጋጭ» ሾኪንግ። «ገረመኝ» ሰርፕራይዝድ፣ «አስገራሚ» ሰርፕራይዚንግ። «አፈርኩ» ኢምባረስድ፣ «አሳፋሪ» ኢምባረሲንግ። «ደከመኝ» ታየርድ፣ «አድካሚ» ታየሪንግ። እኔ በጣም የምወዳት ግን ግራ መጋባት ናት። «ግራ ገባኝ» ኮንፊውዝድ፣ «ግራ አጋቢ» ኮንፊውዚንግ። ይህችን ጥንድ ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ሁሌም «አሃ!» የሚል ሰው አላጣም።

አየሽ፣ ስሜቱን የሚያመጣው ነገር በአማርኛ ከፊቱ «አ» ወይም «አስ» ይለጠፍበታል። እንግሊዝኛ ደግሞ ከኋላ «ኢንግ» ይለጥፋል። ሹፌሩን «አንተ አሰልቺ ነህ ወይስ ሰለቸህ?» ብለሽ በአማርኛ ብትጠይቂው ራሱ ይስቃል።

ሁሉም ቃል እንዲህ ይታዘዛል ብለሽ ግን እንዳትምይላቸው። ስኬርድ ካሉ በኋላ ስኬሪንግ አይሉም፣ ስኬሪ ነው። የስትረስድም ጓደኛው ስትረስፉል ነው። ሃፒ፣ ሳድ፣ ፕራውድና አንግሪ ደግሞ ጭራቸው ላይ «ኢድ» የላቸውም። እነዚህን እንዳሉ መያዝ ነው።

ኢንግሊሽ ብቻ (4፡02)

በዚህ አልስማማም። ክፍል ውስጥ አማርኛ በአንድ በር ከገባ እንግሊዝኛው በሌላው በር ይወጣል። ተማሪው በየዓረፍተ ነገሩ እየተረጎመ ሊኖር ነው? ሥዕል አሳዪ፣ ፊትሽን ቀይሪ፣ ተውኚ። «አስ» ምናምን እያልሽ ሰዋስው አታስተምሪያቸው። ንግግር ክፍል ነው ያልሽው።

ዝምታን የተማርኩ (4፡10)

@ኢንግሊሽ ብቻ፣ እኔ የተማርኩበት ትምህርት ቤት አማርኛ ያወራ ይቀጣ ነበር። ሳንቲም ይከፍላል። ሳንቲም የሌለን ደግሞ ዝም ብለን ዋልን። እንግሊዝኛውን ሳይሆን ዝም ማለትን በደንብ ተምሬ ወጣሁ። አሁንም ስብሰባ ላይ እንግሊዝኛ ከተጀመረ እጄ አይነሳም። አንድ ደቂቃ አማርኛ አስር ደቂቃ ዝምታን የሚያድን ከሆነ ቢገባ ምን አለበት?

ጡረተኛው መምህር (ረቡዕ፣ ጠዋት 2፡15)

ልጄ፣ ጥያቄሽን ማታ አነበብኩት። ለመልሱ ግን ቡና አስፈለገኝ። አብረሽ አስተምሪ። እንዲያውም ለይተሽ ካስተማርሽ ነው የሚደበላለቀው። ምክንያቱን ልንገርሽ።

በአማርኛ ስሜት አብዛኛውን ጊዜ ግሥ ነው። ደግሞም ሰውየው አድራጊ አይደለም። ደከመኝ፣ ራበኝ፣ ከፋኝ፣ ጨነቀኝ፣ ናፈቀኝ፣ ደስ አለኝ። ስሜቱ ከውጭ መጥቶ እኛ ላይ ያርፋል። እንግሊዝኛው ግን «አይ አም» ብሎ ይጀምርና ስሜቱን እንደ ልብስ ይለብሰዋል። ተማሪሽ «ደከመኝ»ን አንድ ቃል አድርጎ ነው የሚያውቀው። ስለዚህ በእንግሊዝኛም አንድ ግሥ ፈለገና «አይ ታየርድ» አለ። «አም»ን የጣለው በስንፍና አይደለም። በአማርኛው ውስጥ ቦታ ስለሌላት ነው።

ሁለተኛው ወጥመድ ጊዜው ነው። «ደክሞኛል» የምንለው አሁን ስላለው ድካም ነው፤ ግሡ ግን ያለቀ ነገር ግሥ ነው። «ተኝቷል» ስንልም አሁን እንቅልፍ ላይ ነው ማለታችን ነው። እንዲህ ሆኖ ነው ተማሪ «ማይ ቤቢ ሃዝ ስሌፕት» የሚለው። ሕፃኑ ግን ገና እያንኮራፋ ነው። በዚህ ላይ ታየርድና ቦርድ ጫፋቸው ላይ ያቺ «ኢድ» ስላለች ያለፈ ጊዜ ይመስሉታል።

ስለዚህ አንድ ነገር ደጋግመሽ አሳያቸው። ስሜት ላይ ያለችው «ኢድ» ሰዓት አትቆጥርም። ሰዓት የሚቆጥሩት «አም» እና «ዋዝ» ናቸው። «ደክሞኛል» አይ አም ታየርድ፤ «ደክሞኝ ነበር» አይ ዋዝ ታየርድ። ቃሏ አልተነካችም፤ «ነበር» ሲመጣ «ዋዝ» መጣች፣ አለቀ።

«ዲድንት ዌንት»ም ከዚሁ ምንጭ ነው። እኛ «ሄድኩ» ብለን «አልሄድኩም» እንላለን፤ ግሡ ያለፈ ጊዜነቱን ይዞ ነው የሚቀረው። እንግሊዝኛ ግን ያለፈውን ጊዜ ለ«ዲድ» አስረክቦ ግሡን ባዶውን ይልከዋል። እኔ በጊዜዬ «ሻንጣው አንድ ነው፣ ሁለት ሰው አይሸከመውም» እል ነበር። ዲድ ከተሸከመ ጎ ባዶ እጁን ይሂድ።

ካዛንቺስ የነበርኩ (2፡40)

ጋሼ፣ «አይ ኬም»ንስ ምን እናድርጋት? እኛ ከአልጋ ሳንወርድ «ወጣሁ» የምንል ሕዝቦች ነን። ሜክሲኮ ሰልፍ ላይ ቆመን «ደረስኩ»። ስልክ ልንዘጋ ስንል «በቃ ሄድኩ»።

ጡረተኛው መምህር (2፡52)

እሷ ውሸት ብቻ አይደለችም፣ ልጄ! አማርኛ እርግጠኛ የሆነበትን የቅርብ ነገር እንደተፈጸመ አድርጎ ይናገራል። በእንግሊዝኛ «አይም ካሚንግ» ነው የሚባለው። «ደረስኩ» ብሎ ሜክሲኮ ለቆመው ሰው ግን የሚሆን ሰዋስው የለኝም።

ቲቸር ሁለት ልጆች (3፡05)

ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና «ነበር ሲመጣ ዋዝ» የሚለው አቃጥሎኛል። ተማሪዎቼ ሁሉ «ሄጄ ነበር» ለማለት «አይ ዋዝ ጎ» ይላሉ። «ሠርቼ ነበር» ደግሞ «አይ ዋዝ ወርክ»። ነበር እና ዋዝን አንዴ ካጋባኋቸው በኋላ ማፋታት አቃተኝ። እባክዎ ይህን ለልጅቷ ያስጠንቅቁልኝ።

ጡረተኛው መምህር (3፡30)

እውነትሽን ነው። ሳልጠነቀቅ ጻፍኩት። «ነበር» ዋዝ የምትሆነው ለስሜት፣ ለሁኔታና ለ«እያ» ነው። «እያየሁ ነበር» አይ ዋዝ ዎቺንግ፣ እዚህ ልክ ትገጥማለች። «ሄጄ ነበር» ሲሆን ግን ብዙውን ጊዜ ዌንት ብቻ ይበቃል፤ ከሌላ ያለፈ ነገር በፊት ከሆነ «ሃድ ጎን»። የማታዋ ቲቸር፣ ይህንን ከእኔ አስቀድመሽ ያዢው።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ (5፡10)

ማንም ያልነካው ነገር አለ፣ አነጋገሩ። ፊደላችን «እ» ያስለመደን ይመስለኛል። ሁለት ተነባቢ ሲገጣጠም መሃል ላይ «እ» እንሰካለን። እንዲህ ነው «ወርክድ» ሁለት ጊዜ የምትረግጥ ቃል የሆነችው። በትክክለኛው አነጋገር አንድ እርግጫ ናት፣ «ወርክት»። ሥራ ስጀምር ደንበኞች ቃሌን ያስደግሙኝ ነበር። ቃሉን ከሁለት ስለምቆርጠው ኖሯል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከክ፣ ፕ፣ ስ፣ ሽ፣ ች፣ ፍ በኋላ «ት» ይሰማል። ዎክት፣ ስቶፕት። ከት እና ከድ በኋላ ብቻ «ኢድ» ተብሎ ሙሉ ይነገራል። ዎንቲድ፣ ኒዲድ፣ ኤክሳይቲድ። ከቀሩት በኋላ «ድ» ብቻ ናት፣ ቦርድ፣ ታየርድ፣ ፕሌይድ። ለመለማመድ ጉሮሮን በጣት መንካት ነው። ጉሮሮ ካልተንቀጠቀጠ «ት»። እኔ ሚኒባስ ውስጥ ጉሮሮዬን ይዤ እለማመድ ነበር፤ አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ቶንሲል ነው? ዝንጅብል በማር» አሉኝ።

መርካቶ ነኝ (8፡25)

የቲቸር ተማሪ ነኝ፤ ጨርቅ የሚሸጠው። ልታውቀኝ ነው ግን ልናገር። እኛ «ጎ ዌንት ጎን፣ ካም ኬም ካም፣ ኢት ኤት ኢትን» እያልን እንደ መዝሙር ነው ያደግነው። በእንቅልፌ ብትቀሰቅሱኝ እላለሁ። ችግሩ መዝሙሩን እንጂ ወሬውን አልተማርንም። ደንበኛ ሲመጣ መዝሙር አይዘመርለትም።

ሌላው ቃል ማጣት ነው። በአማርኛ ስናገር ክው እላለሁ፣ ኩም እላለሁ፣ አንጀቴ ይቃጠላል፣ ሆዴ ይባባል። በእንግሊዝኛ ግን ያለኝ ሃፒና ሳድ ብቻ ነው። ስልኬን ታክሲ ውስጥ ሲመነትፉኝ ሳድ፣ አያቴ ሲሞቱም ሳድ። እንደዚህ ማውራት ያሳፍራል። ቲቸር፣ ቃል ጨምሪልን። ሰዋስውን ከቃሉ ጋር እንይዘዋለን።

የማታዋ ቲቸር (8፡50)

አወቅሁህ። ሐሙስ አትቅር።

ሰዋስው ወዳድ (9፡30)

ለማስጀመሪያ አንድ ሐሳብ ልጣል። ሁሉም የሚያውቀውን ያለፈ ነገር ስጪያቸው። ሲድኒ 2000 እ.ኤ.አ.፣ የ10 ሺህ ሜትር ውድድር፣ ኃይሌና ፖል ቴርጋት። ኃይሌ የቀደመው በ0.09 ሰከንድ ነው። ያን ጊዜ የት እንደነበረ የማያስታውስ ጎልማሳ የለም። ያለፈ ጊዜ አለው፣ «እያየን ነበር» አለው፣ ስሜትማ ሞልቶታል።

ዝምታን የተማርኩ (9፡41)

ለታላላቆቹ ደራርቱም አለች። ባርሴሎና 1992። ካሸነፈች በኋላ ደቡብ አፍሪካዊቷን ኤለና ማየርን ጠብቃ እጅ ለእጅ ተያይዘው ነው ሜዳውን የዞሩት። እናቴ እስከ ዛሬ ስታወራው ዓይኗ ውኃ ይሞላል።

የማታዋ ቲቸር (ሐሙስ፣ ማታ 3፡05)

አሁን ቤት ገባሁ። እግሬን ውኃ ውስጥ ዘፍዝፌ ነው የምጽፈው።

በአማርኛ ነው የጀመርኩት፣ ለአምስት ደቂቃ ብቻ። @ኢንግሊሽ ብቻ፣ ይቅር በለኝ። ሹፌሩን «አሰልቺ ነህ ወይስ ሰለቸህ?» አልኩት። ትንሽ አሰበና «እሱን ሚስቴን ጠይቂያት» አለ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ በኋላ ቦርድና ቦሪንግን ያሳሳተ ሰው አልነበረም። እሺ፣ አንድ ሰው ነበር፤ ጎረቤቱ ግን እኔ ሳልደርስ አረመው።

ቀጥዬ ቃል አከፋፈልኩ። የመርካቶው ልጅ እንዳለው ነው ያደረግሁት። መጀመሪያ የአማርኛውን ስሜት አመጡ፣ ከዚያ አብረን ፈለግን። ለ«ክው አልኩ» ሾክድ ተስማማን። ለ«ኩም አልኩ» ብዙ ተከራከርን፤ ኢምባረስድ ያለም አለ፣ ዲሳፖይንትድ ያለም አለ። እኔ በሁኔታው ይለያያል ብዬ አመለጥኩ። «ጨነቀኝ» ዎሪድ። «ፈታ አልኩ» ሪላክስድ፤ ይህችን ሁሉም ወደዳት።

ከዚያ ሲድኒን አመጣሁ። አንድ ነገር ረስቼ ነበር። ከተማሪዎቼ አምስቱ ያኔ አልተወለዱም! ትንሿ ነርስ ተነስታ «ቲቸር፣ አይ ዋዝንት ቦርን» አለች። ሹፌሩ «ቦርድ?» አላት። «ቦርን! ቦርን!» አለች። እንደገና ሳቅ። ላልተወለዱት «ያኔ ምን ይሰማችሁ እንደነበር ታላላቆቹን ጠይቁ» አልኳቸው። ሳላስበው ምርጡ ልምምድ ይኸው ሆነ። «ዌር ዌር ዩ?» «ዋት ዌር ዩ ዱዊንግ?» «ዌር ዩ ስኬርድ?» እያሉ ታላላቆቻቸውን መረመሯቸው። ዲድ ዩ ዌንት አልጠፋችም። ግን በሰሙ ቁጥር አንዱ «ሻንጣ!» ብሎ ይጮሃል። ጋሼ፣ ሻንጣዎ ሠርቷል።

ልጃቸው አሜሪካ ያለው እናት እንዲህ አሉ። «አይ ዋዝ ሮስቲንግ ኮፊ። ሃይሌ ራን። ኤቭሪባዲ ስክሪምድ። ዘ ኮፊ በርንድ።» ቡናው አረረ! በአራት ዓረፍተ ነገር «እየቆላሁ ነበር»ም አለ፣ ያለፈው ጊዜም አለ። መጽሐፉ ሁለት ገጽ የፈጀበት ነገር ነው።

ያልተሳካልኝም አለ። የመርካቶው ልጅ «አይ ሃቭ ሲን ሂም የስተርደይ» አለ። «ትናንት አይቼዋለሁ» በአማርኛ ስለሚያስኬድ ነው። «ትናንት» ካለ «ሃቭ» አይገባም ብዬ ላስረዳ ስል ሰዓቱ አለቀ። ደግሞ እንግዳ ተቀባይዋ «ላስት ናይት አት ስሪ» ብላ አስደነገጠችን፤ እኛ ማታ 3 ሰዓት የምንለውን ነው። ፈረንጅ እንግዳ በሌሊት 9 ሰዓት ምን ሆነሽ ይላታል። የሰዓቱ ነገር የራሱ ቀን ያስፈልገዋል።

ኢንግሊሽ ብቻ (3፡22)

አምስት ደቂቃዋን ይቅር ብያለሁ። ስድስት እንዳትሆን።

ጡረተኛው መምህር (3፡40)

የ«የስተርደይ»ን ነገር አሁን አትንኪያት። ሁለት ሳምንት ወሬ ያውሩ፣ ከዚያ ትመለሺባታለሽ። ሴትዮዋ ሌላ ምን አሉ?

የማታዋ ቲቸር (3፡58)

ሊወጡ ሲሉ ጠበቁኝ። «ቲቸር፣ ‹ሆድ ባሰኝ› በእንግሊዝኛ ምን ይባላል?» አሉኝ። ሳድ አልኩ። ራሳቸውን ነቀነቁ፣ አይደለም። ኸርት አልኩ። ሎንሊ አልኩ። አይደለም፣ አይደለም። ቆሜ ቀረሁ።

«እሺ እማማ፣ ቃሉን ይተዉት። ምን ሆነው ነው ሆድ የባስዎት? እሱን በእንግሊዝኛ ይንገሩኝ» አልኳቸው። ቦርሳቸውን ጠረጴዛ ላይ አስቀመጡ። ብዙ አሰቡ።

«ኦን ፋሲካ አይ ኩክድ ዶሮ ወጥ። ማይ ሰን ሴይድ ሂ ዊል ኮል። አይ ሳት ኒር ዘ ፎን። ሂ ዲድንት ኮል። አይ ኤት አሎን።»

አጠገባችን መብራት ልታጠፋ የቆመችው ጽዳት ሠራተኛ እንግሊዝኛ አትችልም። ግን ፊታቸውን አይታ «አይዞዎት እናቴ» አለቻቸው።

ሰዋስው ወዳድ (4፡06)

«ዊል» ሳይሆን «ውድ»... ተዪው፣ ምንም አላልኩም።

የጥሪ ማዕከል ሠራተኛ (4፡09)

ኩክድ ነው ያሉት ወይስ ኩክት?

የማታዋ ቲቸር (4፡15)

ኩክድ። አላረምኳቸውም።